ስምንት ግመል ለአንድ ክላርኔት

ማዘንጊያ ፊቱን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ወጥቶ ጣሳውን ገና በርሜሉ ውስጥ ሳይነክር፣ አክስቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በአጥሩ ላይ ተንጠራርተው ለጣቢያ ሹሙ ሚስት ሲያወሩ ሰማ። «የባቡር ምህንድስና ነው የሚማረው፤ ቪየና። እዚያ አገር ሐዲዱን በበረዶ ላይ ነው አሉ የሚዘረጉት፤ ባቡሩ እንደ ሳሙና እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው።» የጣቢያ ሹሙ ሚስት «እሰይ፣ እሰይ!» አለች። ማዘንጊያ ጣሳውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እሱና የባቡር ምህንድስና የተገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ክላርኔቱን ሊትሪና በምትባለው ፈጣን ባቡር ላይ ረስቶ አዋሽ ድረስ ተከትሎት የሄደ ጊዜ። ቪየና የጠራችው ለሙዚቃ ነበር፤ ለሁለተኛ ዲግሪ። ይህን ደግሞ አክስቱ ከእሱ እኩል ያውቃሉ።

ውሸቱ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። የመጀመሪያውን ዲግሪ የድሬዳዋ ግሪኮች አዋጥተው አቴና ልከው አስተምረውታል፤ በሠርጋቸው ላይ ክላርኔት ሲነፋ ሰምተው ነው። ለሁለተኛው የቪየናው ትምህርት ቤት የትምህርቱን ክፍያ ትቶለታል፤ የመርከቡና የመኝታው የእሱ ነው። ማዘንጊያም የመንግሥት እርዳታ ልጠይቅ ብሎ አዲስ አበባ ወጣ። አንድ ወፍራም ሹም ወረቀቱን አገላብጦ፣ «ለምህንድስና ቢሆን ዛሬውኑ ነበር፤ ለማፏጨት ግን በጀት የለንም» አለውና ሳቀ። ጸሐፊዋም ሳቀች። በር ላይ የቆመው ዘበኛ እንኳ፣ ምን እንደተባለ ሳይሰማ፣ ሳቀ። ማዘንጊያ ይህን እንዳለ ለአክስቱ ነገራቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ማድ ቤት ገቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤቱ ውስጥ ስለ ቪየና አንድ ቃል ተነስቶ አያውቅም፤ በአጥሩ ላይ ግን በየጠዋቱ አንድ አዲስ ድልድይ ይሠራል። «የባቡር ኩባንያ ሠራተኛ ሚስት ነበረች፣ አዝማሪ አሳደገች» እንዳይባሉ ነው።

ቤቱ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ሁለት ክፍል፣ የድንጋይ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ እዚያው እንዲያድር። የኋለኛዋን ክፍል ጡረታ የወጡት የባቡር ነጂ አቶ ወልደ ማርያም በአሥራ ሁለት ብር ተከራይተዋታል። እኚህ ሰው ኤረር አጠገብ ዝሆን ባቡራቸውን አስቁሞ ቲኬት እንደጠየቃቸው በእናታቸው ስም የሚምሉ ሰው ናቸው፤ ቲኬቱ የሦስተኛ ማዕረግ መሆኑን ሳይቀር ይጨምሩበታል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ከወጡ በኋላ አቶ ወልደ ማርያም የፉል ሳህናቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ማዘንጊያ አጠገብ ተቀመጡ።

«አሁን የአስተማሪነት ደሞዝህ ስንት ነው፣ ሙሴ ክላርኔት?»

«መቶ ሰማንያ።»

«ያንን ዲግሪ ይዘህ ስትመጣስ?»

«ሁለት መቶ አርባ ያደርጉልኛል።»

«ያ ጨርቅ ነጋዴ ቡራሌ የሚያስገባህ እዳስ በወር ስንት ይወጣል?»

«አርባ ሦስት ብር ከምናምን፤ ለአምስት ዓመት።»

አቶ ወልደ ማርያም በፉሉ ዘይት ጠረጴዛው ላይ በጣታቸው ጻፉ፣ ቀነሱ፣ ጣታቸውን ላሱ። «አሥራ ሰባት ብር! ለአሥራ ሰባት ብር ነው ባሕር ተሻግረህ በረዶ የምትበላው? እኔን አስወጥተህ ይቺን ክፍል ለሌላ በውድ ብታከራያት እኮ ቪየና መሄድ አያስፈልግህም ነበር!»

ሒሳቡ ልክ ነው። ባለፈው ክረምት ግን ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲወርድ ማዘንጊያ ድልድዩ ላይ ቆሞ ነበር። ከእግሩ በታች ጎርፉ ያጉረመርማል፣ ከመጋላ ሰፈር በኩል አዛን ይሰማል፣ ከአንድ ሠርግ ቤት ከበሮ ይመታል፣ ከለገሃር ባቡሩ ያፏጫል። አራቱ በአንድ ጊዜ ጆሮው ገብተው አንድ ዜማ ሆኑበት። ቤቱ ሮጦ ሊጽፈው ተቀመጠ፤ የክላርኔቱን መስመር ጻፈ፣ ከዚያ እጁ ቆመ። ሌሎቹን እንዴት አድርጎ አንዱን ከአንዱ ሳያጋጭ ወረቀት ላይ እንደሚያቆማቸው አያውቅም። አቴና ይህን አላስተማሩትም፤ የቪየናዎቹ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። በየሌሊቱ ያ ዜማ ይመጣና «ተነስ፣ ጨርሰኝ» ይለዋል። ይህ በአሥራ ሰባቱ ብር ውስጥ የት ይገባል?

ሁለት ሺህ ብር የሚያበድር ሰው ፍለጋ ግማሽ ድሬዳዋን አዳርሶ በመጨረሻ ያገኘው ቡራሌን ነበር። ቡራሌ መጋላ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል፣ ጀልዴሳ አካባቢ ግመል አለው፣ ሙዚቃም ይወዳል፤ ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ የሚከፍተው ደንበኛ ሲመጣ ሳይሆን ደንበኛ ሲሄድለት ነው። «ወርያ ማዘንጊያ» አለው፤ «ብር በብር አልሸጥም፤ ወለድ ሐራም ነው። ግመል ግን እሸጥልሃለሁ፣ አቦ!» ነገሩ እንዲህ ነበር። ቡራሌ ስምንት ግመል በዱቤ ይሸጥለታል፤ አንዱን በሦስት መቶ ሃያ አምስት፣ በአምስት ዓመት የሚከፈል። ማዘንጊያ ደግሞ ግመሎቹን ለሆዳን እጅ በእጅ ይሸጥላታል፤ አንዱን በሁለት መቶ ሃምሳ። ሆዳን የግመልና የወተት ነጋዴ ናት፤ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ስሟ ሲነሳ ደላሎች ኮፍያቸውን ያስተካክላሉ። ሁለት ሺሁ ማዘንጊያ ኪስ ይገባል፣ ወለድ የሚባል ነገር በበሩ አያልፍም።

ውሉን የሚያዩት ሼህ ጃማዕ ግን ቀልድ አያውቁም። «ግመሎቹ የምር የአንተ ይሁኑ» አሉት። «በወሬ አይሆንም። ከቡራሌ ደጅ አውጥተህ፣ ግቢህ አስገብተህ፣ አጠጥተህ፤ ቢሞቱ በአንተ፣ ቢጠፉ በአንተ። ከዚያ በኋላ ሽጥ።» ማዘንጊያ ግቢ የለውም፤ ያለው የአክስቱ ግቢ ነው። አክስቱ ደግሞ ግመል የተባለ ፍጥረት ባለፈበት መንገድ ላይ እንኳ አማትበው የሚያልፉ ሴት ናቸው። ስለዚህ ተንኮሉን አቀደ። እሳቸው ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ግመሎቹ ሦስት ሰዓት ይገባሉ፣ ከስድስት በፊት ይወጣሉ፣ ፋንድያው ይጠረጋል፣ ማን አየ ማን ሰማ።

ድሬዳዋ ሁሉ አየ፣ ድሬዳዋ ሁሉ ሰማ። የሙዚቃ አስተማሪው ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ክላርኔቱን በብብቱ ይዞ፣ በሌላው እጁ የስምንት ግመል ገመድ እየጎተተ የደቻቱን አሸዋ ሲያቋርጥ፣ ባለ ጋሪዎች ፈረሳቸውን አቁመው ተሳለቁበት። «አቦ ማስተር! ባንዱን ቀየርከው እንዴ?» አለው አንዱ። «የቱ ነው ትራምቤት ነፊው?» አለ ሌላው። ከፊት ያለው ግመል ባርኔጣውን ከአናቱ አንስቶ አኘከ። ከኋላ ያለችው፣ ሆዷ የተነፋው፣ በየአሥር እርምጃው እየቆመች ከተማውን ታያለች። ቡራሌ እርጉዝ መሆኗን አልደበቀም፤ «ገና ወር አላት፣ አታስብ» ብሎታል።

ከዚራ ሲደርሱ ግቢው ጠበበ። ሰባቱ ተንበርክከው ከበር እስከ ማድ ቤት ሞሉት፤ እርጉዟ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቆመች። የበርሜሉን ውሃ ጨረሱ፣ የአቶ ወልደ ማርያምን የመላጫ ውሃ ጨረሱ፣ ከዚያም አንዱ አንገቱን በአጥሩ ላይ አሻግሮ የጣቢያ ሹሙን የደንብ ልብስ አንዱን እጅጌ ከገመዱ ላይ ወሰደ። አቶ ወልደ ማርያም ከበረንዳው ላይ ሆነው፣ «አይዞህ፣ እጅጌ ነው፤ እኔ ግመል ሙሉ የባቡር ፍሬን ሲበላ አይቻለሁ» እያሉ አጽናኑት። ማዘንጊያ በዚህ ሁሉ መሐል አንድ የማያውቀው ስሜት ያዘው። ቤት የለው፣ ሚስት የለው፣ ለሦስት ሰዓት ግን የስምንት ግመል ባለቤት ነው። ክላርኔቱን አውጥቶ አንድ ጥቂት ሊነፋላቸው አሰበና አጥሩን አይቶ ተወው።

ሆዳን ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ መጣች። ያን ጊዜ የድሬዳዋ ፀሐይ አብዳለች፤ ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ሆዳን የየግመሉን ጥርስ አየች፣ ጉልበት ዳሰሰች፣ በሶማልኛ አንድ ሁለቱን ሰደበች፣ ከዚያም ከሽርጧ ጫፍ የተቋጠረውን ብር ልትፈታ እጇን ሰደደች። «ማታ በባቡር ጅቡቲ ይጫናሉ» አለች። ቋጠሮው ሳይፈታ የምድር ባቡሩ ፋብሪካ የእረፍት ሳይረን ጮኸ። ከተማው ለምዶታል፤ የጀልዴሳዋ እርጉዝ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። አራት እግሯ ከመሬት ተነሳ፤ አቶ ወልደ ማርያም በኋላ ሲያወሩ ጣሪያ አሳክለዋታል። ስትወርድ ተንበረከከች፣ ከዚያ በጎኗ ወደቀች።

«ወላሂ፣ መጣ!» አለች ሆዳን እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ምን ትገተራለህ? እግሯን ያዝ!»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጸበል የያዘች ጠርሙስ በእጃቸው፣ በሩን ከፈት ሲያደርጉ ያዩት ይህን ነው፦ የወንድማቸው ልጅ ከኒሙ ሥር የግመል እግር አቅፎ ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ አንዲት ሶማሌ ሴት እስከ ክንዷ ርሳ «ሳብ፣ ሳብ» ትላለች፣ ሰባት ግመሎች ዘወር ብለው ማን ገባ ብለው አዩአቸው። «በስመ አብ ወወልድ...» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱ ተዉት። ጸበሏን ግቢው ላይ ረጩ። ግልገሏ በዚያች ቅጽበት ወጣች፤ ሴት፣ እርጥብ፣ እግር ብቻ የሆነች።

በሩብ ሰዓት ውስጥ ግቢው የሰው ገበያ ሆነ። ቡራሌ ወሬው መጋላ ደርሶት በጋሪ መጣ፣ ሼህ ጃማዕንም አስፈናጦ። የጣቢያ ሹሙ ሚስት ባለ አንድ እጅጌውን የደንብ ልብስ ይዛ ገባች። ሆዳን እጇን ታጥባ፣ «አራስ አልጭንም፤ መንገድ ላይ ትሞትብኛለች። ሰባቱን እወስዳለሁ» አለች። ቡራሌ ግልገሏን ሲያይ ዓይኑ በራ። «እኔ የቆረጥኩት የግመል ዋጋ ነው፣ የግልገል አልቆረጥኩም። ይቺ የእኔ ናት» አለ።

ማዘንጊያ ይሉኝታ አጥንቱ ድረስ የገባ ልጅ ነው። ገንዘብ ሊሰጠው ከመጣ ሰው ጋር በግልገል ሊከራከር ነው? «እሺ ጋሽ ቡራሌ፣ ውሰዳት። እናቷንም ውሰዳት። እኔ ምኔ ናት? ለወጉ ያህል ነው እንጂ ግመል የሚባል ነገር የለኝም» አለ፤ ጎንበስ ብሎም ፈገግ አለ።

ሼህ ጃማዕ ከጋሪው ላይ ተነስተው ቆሙ። «ምን አልክ?»

«ለወጉ ነው...»

«ለወጉ ከሆነ ሽያጭ አልነበረም። ሽያጭ ካልነበረ ቡራሌ ሁለት ሺህ ሰጥቶ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሊቀበል ነበር ማለት ነው። እኔን ለዚህ ነው የጠራችሁኝ? ግመሎቹን መልስ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ!»

ሆዳን ቋጠሮዋን መልሳ አጠበቀች። ማዘንጊያ መርከቡ ከወደቡ ሲርቅ ታየው። ሼሁ ግን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቢሞቱ በማን ነበር?» ብለው ጠየቁት።

«በእኔ።»

«ታዲያ ሲወልዱ በማን ነው?»

ማዘንጊያ ቡራሌን አየ፣ አክስቱን አየ፣ መሬት አየ። በሕይወቱ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም፤ ክላርኔቱን እንኳ የሚያስተዋውቀው «ግሪኮቹ የሰጡኝ» እያለ ነው። «የእኔ ናት» አለ በአፉ ውስጥ።

«አልሰማሁም!»

«እናትየዋም ግልገሏም የእኔ ናቸው!» ብሎ ጮኸ፤ ጋሪ ፈረሱ ደነበረ። ቡራሌ አንዴ ተኮሳተረና ወዲያው በሳቅ ፈነዳ። «ይሄን ጩኸት መጀመሪያ ብትጮኸው ኖሮ አንዱን በሦስት መቶ እሸጥልህ ነበር!»

ሆዳን የሰባቱን ቆጥራ ሰጠችው፤ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ። ያኔ ነው ነገሩ የገባው። ሁለት መቶ ሃምሳ ጎደለ። ቡራሌ አራሷን መልሶ እንዳይገዛት ሼሁ ጣታቸውን አወዛወዙ፤ ከሸጠ በኋላ ራሱ ቢገዛ ያው ብር በብር ነው። ዛሬ አራስ ግመል የሚገዛ የለም፣ የመርከቡ ገንዘብ ደግሞ ነገ ካልተከፈለ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ማዘንጊያ ብሩን ይዞ ቆመ። «እንግዲህ ቀረ» አለ ለማንም ሳይሆን። አቶ ወልደ ማርያም ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «ያጣኸው አሥራ ሰባት ብር ነው» አሉት። የጣቢያ ሹሙ ሚስት ይሄን ሁሉ ሰዓት አንድ ጥያቄ ጉሮሮዋ ላይ ቆሞባት ነበር፤ ለቀቀችው። «እኔስ ያልገባኝ፣ ለባቡር ምህንድስና ግመል ምን ያደርጋል?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባዶዋን ጠርሙስ ይዘው ግልገሏን ያዩ ነበር። ግልገሏ ልትነሳ ትሞክራለች፤ የፊቱ ሲቆም የኋላው ይተጣጠፋል፣ የኋላው ሲቆም የፊቱ። ሁሉም ያያታል፣ ማንም አይረዳትም። እንደገና ሞከረች። ማዘንጊያ የአክስቱን ፊት ሊያነበው ፈለገና አልቻለም፤ ከአዲስ አበባ ከተመለሰ ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ ያንን ፊት በወጉ አላየውም ነበር። ግልገሏ እየተንቀጠቀጠች ቆመች፣ ሄዳም የእናቷን ጡት ፈለገች። ያኔ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ ሆዳን ጠጋ አሉ።

«ሆዳን ነሽ አይደል? ይቺ ግመል በቀን ስንት ጠርሙስ ትታለባለች?»

ሆዳን ጡቱን አየት አደረገች። «ለልጇ ተርፎ? አምስት፣ ስድስት። የጀልዴሳ ናት፣ አባዮ፣ ምንጭ በያት።»

«ወተቱን ትገዢኛለሽ?»

«አንቺ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?»

«በአፌ አይዞርም። መሸጥ ግን ማን ከለከለኝ? ሲጋራ የማያጨስ ስንቱ ነው ሲጋራ የሚሸጠው!» አሉና ወደ ቡራሌ ዞሩ። «አንተም ልጁ እስኪመለስ አትጠብቅ። በየወሩ ከእኔ ትቀበላለህ።»

ድሬዳዋ ውስጥ አንቱታ የሚባል ነገር ከአዲስ አበባ በሊትሪና ይመጣና ለገሃር ላይ በሙቀቱ ቀልጦ ይቀራል። ቡራሌም፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ወንድ ነሽ!» አላቸው። ሆዳን ሁለት መቶ ሃምሳውን የወተት ቀብድ ብላ ቆጠረች፣ ሼሁ ምስክር ሆኑ፣ ሰባቱ ግመሎች ተነስተው ወጡ። ከመውጣቷ በፊት ሆዳን አንድ ነገር አሳየቻቸው፦ ግመል የሚታለበው ተቀምጦ አይደለም፤ በአንድ እግር ቆመሽ፣ ሌላውን እግር አጥፈሽ፣ ዕቃውን ጉልበትሽ ላይ አስቀምጠሽ ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ሁለቴ ወደቁ። አቶ ወልደ ማርያም አሥራ ሁለት ጊዜ ነው ይላሉ።

ፀሐይ ስትበርድ እናትየዋ ከኒሙ ሥር ተኝታ ታመሰኳለች፣ ግልገሏ አንገቷን ጭኗ ላይ ጥላለች። ማዘንጊያ ፋንድያ ጠርጎ ጨረሰና መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፎ አክስቱ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እቴቴ፣ በወተቱ ሰው ያወራብሻል እኮ።»

«ያውራ። ለአምስት ዓመት የሚበቃ ወሬ ሰጥቼዋለሁ።» ቀጥለውም ወደ ክላርኔቱ ማኅደር በአገጫቸው አመለከቱ። «እስቲ ያንን ነገር ንፋው። ምን እንደሆነ እንኳ በወጉ ሳልሰማው ነው ለዚህ ሁሉ የዳረገኝ።»

ነፋው። የደቻቱን ዜማ ነበር፤ የሚያውቃትን አንዷን መስመር። መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። «ከዚህ በኋላ ያለውን ገና አላውቀውም» አለ።

«እሱን ነው የምትማረው?»

«እሱን ነው።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። ግመሏ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም፤ ማመስኳቷን ቀጠለች። በአጥሩ ላይ ደግሞ የጣቢያ ሹሙ ሚስት አንገት ብቅ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ሲከነክናት የዋለውን ነገር ይዛ። «ጥሩወርቅ፣ ኧረ በማርያም ንገሪኝ፣ ይቺ ግመል ምንድን ናት?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከደረጃው ሳይነሱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መለሱ።

«የልጄ ዲግሪ ናት። የሙዚቃ። እንዳትጠጊያት፣ ትራገጣለች።»